ብስክሌትና ኮረኮንች፦ ከጌጃ ሰፈር እስከ እንጦጦ ጫካ

የመሣሪያዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከፈልሳፊው ነው። የፈልሳፊው ስም፣ የትውልድ አገሩና ፈጠራው የተመዘገበበት ዓመት በቅደም ተከተል ከተነገረ በኋላ፣ መሣሪያው በራሱ ኃይል ዓለምን የዞረ መስሎ ይቀርባል። መሐንዲስ ግን ነገሩን ከሌላው ጫፍ፣ ማለትም ከመሬቱ ቢጀምር ይሻለዋል። መንኰራኵር ያለው ነገር ሁሉ የሚሽከረከርበት መሬት ውጤት ነውና። ሠረገላ የጥርጊያ መንገድ ልጅ ነው፤ ባቡር የሐዲድ ልጅ ነው፤ አውቶሞቢልም ለረጅም ጊዜ መንገድ እስኪሠራለት ሲጠብቅ የኖረ እንግዳ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ብስክሌትን፣ በተለይም ድንጋያማ በሆነ የጫካ መንገድ ላይ የሚነዳውን ብስክሌት ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ የጨዋታና የመዝናኛ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አዲስ አበባን ያህል በተራራ ግርጌ በተቈረቈረች፣ መንደሮቿ በኮረኮንች በተሳሰሩ፣ ከራስጌዋ ሰፊ የባሕር ዛፍ ጫካ በተጋደመባት ከተማ፣ የብስክሌትና የድንጋይ መንገድ ታሪክ ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም አለው። መንገድ የምንለው ነገር ምንድን ነው? ማን ሠራው? ለማንስ ተሠራ? የሚሉትን ጥያቄዎች ያስነሣል። እነዚህም የሙያችን ጥያቄዎች ናቸው።

ለማሳያነት በልደታ ክፍለ ከተማ የምትገኘውን ጌጃ ሰፈርን መነሻ፣ የእንጦጦን ጫካ ደግሞ መድረሻ አድርገናል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጌጃ ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ጫካው መንገዶች ለመድረስ እንግዲህ 800 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት በተጠቀሰው ርቀት ሲካፈል አማካይ ዝንባሌው 10 በመቶ ይሆናል። ይህን ቍጥር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

፩. ከመንኰራኵር በፊት የነበረ መንገድ

አጼ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ አናት ወደ ፍልውሃ ባወረዱበት በ1879 ዓ.ም. አካባቢ፣ በተራራውና በሜዳው መካከል የነበረው መገናኛ የሰውና የበቅሎ እግር የቀደደው የእግር መንገድ ነበር። በቅሎ ዳገትን ስትወጣ ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ሰያፍ ትይዛለች። ጭነት ያለበት ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህም የጥንቱ መንገድ ምንም የመለኪያ መሣሪያ ሳይኖር፣ በጡንቻ ድካም ብቻ እየተለካ ተስማሚ ዝንባሌውን ያገኘ ነበር። ዛሬ የከርቭ ሥሌት የምንሠራለትን ጥያቄ በቅሎይቱ በእግሯ መልሳዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንገዱ የሚያልፍበት ድንጋይም የራሱ ጠባይ አለው። የእንጦጦ ተራራ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ሲሆን፣ ትራካይትና ሪዮላይት የተባሉት የድንጋይ ዓይነቶች ይበዙበታል። እነዚህ ድንጋዮች ሲሰነጠቁ ስለታም ጠርዝ ያለው ሰሌዳና ኮረት ይሆናሉ። ወደ ታች ሲወረድ ባዛልቱ፣ ቀይ አፈሩና ክረምት ከበጋ የሚያብጠውና የሚሰነጠቀው ዋልካ ይከተላሉ። ስለሆነም ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርድ ሰው በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከአለት ወደ ኮረት፣ ከኮረት ወደ ጭቃ ይሸጋገራል።

በዚህ መሬት ላይ መንኰራኵር የገባው ዘግይቶ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መዳመጫ፣ እንዲሁም በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ ለአጼ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢል የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ናቸው። ሁለቱም የደረሱት መንገዱ ሳይዘጋጅላቸው ነው። ቋንቋችን ከዚያ ወዲህ የተከተለውን ታሪክ በስሞቹ ይዞታል። «የእግር መንገድ» የራሱ የመሬቱ ነው፤ «ጥርጊያ» የመንግሥት ትእዛዝና የሕዝብ ጕልበት ያለበት ነው፤ «ፒስታ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «አስፋልት» ደግሞ የኋለኛው ዘመን ነው። «ኮረኮንች» ግን የማንም ዘመን አይደለም፤ ከሁሉም በታች ተኝቶ ሌሎቹ ሲፈርሱ ተመልሶ ብቅ የሚል ነው።

የጫካውም ነገር እንዲሁ ታሪክ አለው። እንጦጦ ዛሬ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአውስትራሊያ የመነጨው ይህ ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግር ከተማይቱን እስከ መነቀል አድርሷት እንደ ነበር ይታወቃል፤ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን በቦታዋ አጸናት። ከዚያ በኋላ በጫካው ውስጥ የተዘረጋው የመንገድ መረብ የመሐንዲስ ሥራ አልነበረም። ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከራሳቸው የሚረዝም እስር በጀርባቸው አዝለው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ጉለሌ የሚወርዱ ሴቶች የቀደዱት መረብ ነው። የከተማው እንጀራ ለብዙ አሠርት ዓመታት የተጋገረው በዚያ መንገድ በወረደ ማገዶ ነው። እንግዲህ ከ100 ዓመት በላይ ያገለገለ የትራንስፖርት መረብ በራስጌአችን እያለ፣ በየትኛውም የመንገድ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ማለት ነው።

፪. ከአስፋልት ጋር የመጣ መሣሪያ

ብስክሌት የተወለደው ለስላሳ መንገድ ባለበት አገር ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያ ሠራ። በ1860ዎቹ ፈረንሳዮች ከፊተኛው መንኰራኵር ላይ ፔዳል ገጠሙለት። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ሁለቱን መንኰራኵሮች እኩል አድርጎ፣ ኃይሉን በካቴና ወደ ኋለኛው አስተላለፈ፤ ዛሬም የምናውቀው ቅርጽ ይኸው ነው። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ አስመዘገበ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል ማለት ይቻላል። ከአየር ጎማ በፊት ብስክሌት ለመንገዱ ምሕረት ተገዥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ድንጋዩን በከፊል ሊውጠው ቻለ።

በኢትዮጵያ ብስክሌት በብዛት የታየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ከተዘረጉት መንገዶች ጋር ነው። ማስረጃውን ለማግኘት ወደ ጎሚስታው ሱቅ ጎራ ማለት ይበቃል። ጎሚስታ፣ ጎማ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሠሪው ወራሪ ሆኖ መጥቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲባረር፣ የመፍቻው ስም ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ። በአስመራ የብስክሌት ስፖርት ሥር ሰድዶ እ.ኤ.አ. በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር፣ ከሯጮቿ ጋር ገረመው ደንቦባንና መስፍን ተስፋዬን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር። የዚያ ጊዜው የጎዳና ውድድር ርዝመት ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው በአስፋልት ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ዋና ዋና መንገዶችን ሲጠግንና ሲዘረጋ፣ የብስክሌቱ ካርታም በዚያው መጠን ሰፋ። አስፋልቱ ካለቀበት የብስክሌቱ ታሪክም የሚያልቅ መስሎ ይታይ ነበር። የመላው ሕዝብ ቍጥር ሲታሰብ ግን እጅግ የሚበዛው ሰው የሚኖረው ከአስፋልቱ ማለቂያ ባሻገር ነበር።

፫. ጌጃ ሰፈር

ጌጃ ሰፈር ከዚህ ማለቂያ ባሻገር ካሉት የከተማ መንደሮች አንዷ ናት። ለመርካቶ ቅርብ በመሆኗ የቍራጭ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ገበያ ከደጃፏ ነው። ሌላው የልደታ መለያ የአውሮፕላን ማረፊያው ነበር፤ የንግድ በረራው በ1955 ዓ.ም. ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስ የአገሪቱ ዋና የአየር በር ልደታ ነበረች። ለጄት አውሮፕላን አጭር ሆኖ የተገኘው ሜዳ የዘመናዊው ትራንስፖርት ምልክት ሲሆን፣ ከጎኑ ያሉት መንደሮች መተላለፊያ ግን ጎርፍ ያጠበው ድንጋይ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ብስክሌት የሚታወቀው በንብረትነት ሳይሆን በኪራይ ነው። ልጆች በሰዓት ወይም «በዙር» ሒሳብ ሳይክል ይከራያሉ፤ ሳይክሉም ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሙት ብስክሌቶች ተለቃቅሞ የተገጠመ ነው። ፍሬኑ ሲጠፋ የጫማ ሶል ፍሬን ይሆናል። ሳይክል መከራያ ገንዘብ ያላገኘው ደግሞ ከጋራዥ የተጣሉ ኩሽኔታዎችን በእንጨት ጣውላ ላይ ገጥሞ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህ ተራ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአነስተኛ መንኰራኵር ላይ የሚደርሰው የድንጋይ ንቅናቄ ምን ያህል እንደሚከፋ፣ ሰፊ ጎማ ለምን እንደሚሻል፣ ክብደት ወደ ኋላ ሲደረግ ለምን መገልበጥ እንደሚቀር እነዚያ ልጆች ከመጽሐፍ በፊት በጉልበታቸው ተምረውታል። በሰፈሩ አቅራቢያ ያለው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማረውን፣ ኮረኮንቹ በቁስል ያስተምር ነበር።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ሳይክላቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ ጫካ ያልወጡት ለምንድን ነው? መልሱ ድፍረት ማጣት አይደለም፤ መልሱ ሒሳብ ነው። ነጂውና ብስክሌቱ ባንድነት 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። በ10 በመቶ ዳገት ላይ 8 ኪሎ የሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ማርሽ የሌለው የተለመደው ትልቅ ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የነጂው እግር ግን በዚያው አንድ ዙር የሚጓዘው ከ1 ሜትር ጥቂት ፈቀቅ ያለ ርቀት ነው። ስለዚህ እግሩ ያለማቋረጥ በአማካይ 37 ኪሎ ያህል መግፋት አለበት። ይህን ለጥቂት ሜትሮች ቆሞ በመርገጥ ማድረግ ይቻላል፤ ለ8 ኪሎ ሜትር ግን አይቻልም። በዚህ ላይ በእንጦጦ አናት ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ መሆኑ ይጨመራል። ጫካው ለጌጃ ሰፈር ልጅ በዓይን ቅርብ፣ በማርሽ ግን ሩቅ ነበር።

፬. የሌላ ተራራ ልጆች

በድንጋይና በጫካ ላይ ብስክሌት መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። የዓድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ የአሜሪካ 25ኛው እግረኛ ጦር ጥቁር ወታደሮች በሌተና ጀምስ ሞስ መሪነት ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ተጕዘዋል፤ አብዛኛው መንገዳቸው ጭቃ፣ አሸዋና ድንጋይ ነበር። እንግሊዝ አገርም በ1955 በኮረኮንችና በተራራ መንገድ የሚነዱ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ለሌላ መንገድ የተሠራ ብስክሌት ይዘው የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው ራሱ ለድንጋይ ተብሎ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህም የሆነው በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው የታማልፓይስ ተራራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የዚያ አካባቢ ወጣቶች በ1930ዎቹ የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ከቍራጭ ብረት መጣያ እየፈለጉ በተራራው የእሳት መከላከያ መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ጀመር። ከጥቅምት 1976 ጀምሮ ባካሄዱት ውድድር ከ3 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ያህል ይወርዱ ነበር። በአንድ ቁልቁለት የኋለኛው መንኰራኵር ፍሬን ስለሚግል በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቅና እንደ ገና መሞላት ነበረበት፤ የውድድሩም ስም «ሪፓክ»፣ ማለትም «እንደ ገና መሙላት»፣ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ወጣት ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ቴላዮ ሠራ። ቶም ሪቺ ተከታዮቹን ሠራ፤ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 እነዚህኑ ብስክሌቶች የሚሸጥ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1981 በፋብሪካ በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ለገበያ ቀረበ። በ1996 ደግሞ የተራራ ብስክሌት ውድድር በአትላንታ ኦሎምፒክ ገባ። ከቍራጭ ብረት መጣያ እስከ ኦሎምፒክ ሜዳ የፈጀው ጊዜ 20 ዓመት ብቻ ነው።

አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ ይህ ትረካ በጌጃ ሰፈር ከሚደረገው ጋር ተመሳሳይነት አለው። በሁለቱም ቦታ ወጣቶች አሉ፤ በሁለቱም ቦታ የተጣለ ብረት አለ፤ በሁለቱም ቦታ ድንጋያማ ቁልቁለት አለ። የካሊፎርኒያዎቹ ብልሃት ከልደታዎቹ የበለጠ ነበር ለማለት የሚያስችል ነገር የለም። ልዩነቱ ከበስተኋላቸው የነበረው ነው። ቱቦ የሚበይድ ወርክሾፕ፣ ከሌላ አገር ማርሽ የሚያስመጣ ገበያ፣ የተሠራውንም የሚገዛ ሰው ነበራቸው። ፈጠራ በራስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጎረቤት ውስጥም እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

መሣሪያው የፈታቸውን ሦስት ችግሮች በአጭሩ እንመልከት። አንደኛው የዳገት ችግር ነው። በተራራ ብስክሌት ዝቅተኛ ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር 1.4 ሜትር ያህል ብቻ ያስኬዳል። ቀደም ሲል 37 ኪሎ የጠየቀን ዳገት አሁን ከ11 ኪሎ ያነሰ ይጠይቃል፤ ጉዞው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ሁለተኛው የድንጋዩ ችግር ነው። በአንድ መንኰራኵር ላይ 40 ኪሎ ቢያርፍና የጎማው አየር በካሬ ሳንቲ ሜትር 7 ኪሎ ግፊት ቢኖረው፣ ጎማው መሬቱን የሚነካው ከ6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ባነሰ ስፋት ነው፤ ወፍራም ጎማ በ2 ኪሎ ግፊት ሲነፋ ግን 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይነካል። ስለታሙ ትራካይት በዚህ ስፋት ውስጥ ይሰምጣል። ሦስተኛው የቁልቁለት ችግር ነው። 80 ኪሎ ከእንጦጦ እስከ ጌጃ ሰፈር 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ በፍሬን ቢያዝ፣ 2 ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ይሆናል። የጫማ ሶል ይህን አይችለውም። ጠንካራ የጠርዝ ፍሬን፣ ኋላም የዲስክ ፍሬን የመጣው ለዚህ ነው።

፭. ብስክሌቱ መጣ፣ ተራራውስ?

የተራራ ብስክሌት ወደ አዲስ አበባ የገባው በተራራ ስም ይሁን እንጂ ለተራራ ተብሎ አልነበረም። «ማውንቴን» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው ባለማርሽ ሳይክል የከተማው ተራ ሳይክል ሆነ። ኮረኮንቹንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየመንደሩ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ስለሚችል ተወደደ። ይህም የመነሻ ሐሳባችንን ያጸናል፤ መሬቱ የሚስማማውን መሣሪያ መረጠ። የጎዳና ውድድሩም በበኩሉ ቀጠለ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከተማይቱ ግን በዚሁ ጊዜ መልኳን ትለውጥ ነበር። በ2000ዎቹ ዓመታት በልደታ የተካሄደው መልሶ ማልማት የቆዩ መንደሮችን አንሥቶ በፎቆች ተካ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በልደታ በኩል አለፈ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ የሚደረጉበት ልማድ ተጀመረ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ ዳር የብስክሌት መተላለፊያዎች ተሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው። ዳሩ ግን የሠፈሩ ኮረኮንች ሲጠፋ፣ ልጆች በአንድ ብር ሚዛን መጠበቅን የሚማሩበት ክፍት ቦታም አብሮ እንደሚጠፋ መዘንጋት የለበትም።

ጫካውስ? በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የብስክሌት መንገድ የሥራው ክፍል ሆኖ ተሠራ። በአዲስ አበባ ታሪክ የጫካ መንገድ ለብስክሌት ታስቦ በዕቅድ ሲሠራ የታየበት ሥራ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። በዚህ ሥራ የተነሣ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ አንደኛው የውሃ፣ ሁለተኛው የሰው ጥያቄ ነው።

የውሃውን እናስቀድም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቁልቁለትን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ቦይ፣ በሦስተኛው ቦረቦር ይሆናል። በባሕር ዛፍ ሥር ነገሩ ይብሳል፤ ቅጠሉ ለማገዶ ስለሚጠረግና ሥሩ ያለው ሣር ስስ ስለሆነ አፈሩን የሚይዘው ጥቂት ነው። ከጌጃ ሰፈር በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ምዕራብ ወጥቶ የመናገሻ ሱባን ጫካ ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። አጼ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት ዘር አስተከሉት ተብሎ በሚነገርለት በዚያ ጫካ፣ በጽድና በዝግባ ሥር ያለው ቍጥቋጦና የበሰበሰ ቅጠል ዝናቡን ቀስ አድርጎ ይቀበላል፤ መንገዱም ከዚህ የተነሣ ብዙ ዘመን ይቆያል።

የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የመንገዱ ዝንባሌ ከተዳፋቱ ዝንባሌ ከግማሽ መብለጥ የለበትም፤ በአማካይም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ገጹ ወደ ቁልቁሉ ጎን 5 በመቶ ያህል ቢያዘነብል ውሃው መንገዱን ተከትሎ ከመውረድ ይልቅ አቋርጦት ያልፋል። በየጥቂት ሜትሩም መንገዱ ለአጭር ርቀት ወደ ላይ ቢመለስ ጎርፉ ከዚያ ላይ ይሰበራል። እነዚህ ደንቦች እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር ሲያስተምራቸው የኖሩ ናቸው። የእርከን ሥራን ለሚያውቅ ለኮንሶ ወይም ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ግን እንግዳ አይሆኑም። ነገሩም የጫካው ብቻ አይደለም። በእንጦጦ መንገድ ላይ የታጠበው አፈር በጅረቶቹ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ በመንገዱም የከተማውን ቱቦ ይደፍናል። ላይ የተበላሸ የእግር መንገድ ታች የጎርፍ አደጋ ሆኖ ይመጣል።

የሰውን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ ከታማልፓይስ የምንማረው አለ። በ1980ዎቹ በዚያ ተራራ ጠባብ መንገዶች ላይ ብስክሌተኞች፣ እግረኞችና ፈረሰኞች ተጋጩ፤ ብዙዎቹም መንገዶች በብስክሌት ላይ ተዘጉ። ስፖርቱን የወለደው ተራራ ልጆቹን አባረረ። በእንጦጦ ሥጋቱ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ በብርቱ ሊጎዳ የሚችለው አዲሱ ብስክሌተኛ ሳይሆን፣ ብስክሌት ከመምጣቱ ከብዙ አሠርት ዓመታት በፊት መንገዱን በእግሯ የቀደደችው እንጨት ተሸካሚ ናት። ከላይ በፍጥነት የሚወርድ ነጂና ከእስሯ ሥር ቀና ማለት የማትችል ሴት በአንድ ጠባብ መታጠፊያ ሲገናኙ፣ ማን ቅድሚያ እንዳለው አስቀድሞ ካልተወሰነ ኃይለኛው ይወስነዋል። እርሷ ከመንገዱ ብትወገድ ደግሞ የማገዶው ጥያቄ አይወገድም፤ ሌላ፣ ቀጥ ያለና የከፋ መንገድ በሌላ ተዳፋት ላይ ይቀደዳል፤ ቦረቦሩም አብሮ ይከተላል።

፮. የሙያው ድርሻ

እስካሁን የተባለውን ብንጠቀልለው የሚከተለውን እናገኛለን። በአገራችን የብስክሌት ታሪክ በየምዕራፉ የተወሰነው በመሬቱ ነው። አስፋልት ሲመጣ የጎዳና ብስክሌተኛ መጣ፤ ኮረኮንች ባለበት ኪራይ ሳይክልና ኩሽኔታ ኖረ፤ ዳገቱ ማርሽ የሌለውን አገደ፤ ማርሽ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጫካው መድረስ ተቻለ። ሙያችን ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ መንገድ ብሎ ያወቀው መኪና የሚያልፍበትን ብቻ ነው። የእግርና የጫካ መንገድ ካርታ የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ በጀት የለውም፣ የሚጠይቀውም ባለቤት የለውም።

ይህን ለማቃናት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የእንጦጦን የእግር መንገዶች በካርታ ማስፈር የአንድ የክረምት ወቅት የተማሪዎች ሥራ ነው። ለጫካ መንገድ ዝንባሌና ማፋሰሻ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ደንብ ማውጣት የአንድ ኮሚቴ ሥራ ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ጭነት የተሸከመ ሰው በሁሉ ፊት ቅድሚያ እንዲኖረው መወሰን ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። በልደታና በሌሎች መልሶ በሚለሙ መንደሮች ውስጥ ልጆች በኮረትና በጥርብ ድንጋይ ላይ ብስክሌት የሚለማመዱበት ትንሽ ቦታ በፕላን ላይ ማካተትም እንዲሁ የንድፍ ጉዳይ እንጂ የሀብት ጉዳይ አይደለም። በአዲሶቹ የብስክሌት መተላለፊያዎችና በጫካው መንገድ መካከል ያለው ክፍተት ሲገጠም፣ ከጌጃ ሰፈር እስከ እንጦጦ አናት መኪና ሳይኖር መድረስ ይቻላል።

አገራችን ድንጋይ አልቸገራትም፤ ዳገትም አልቸገራትም። በታማልፓይስ የተፈጠረው መሣሪያ ለእንዲህ ያለ መሬት ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ መሣሪያውን የሚጠግኑና የሚያሻሽሉ እጆችም በየጎሚስታው ሱቅ አሉ። የቀረው የጫካውን መንገድ እንደ መንገድ መቁጠር ነው። ይህም ለመዝናናት የሚወጣውንና ለእንጀራ የሚወርደውን ባንድ ዓይን የሚያይ፣ ውሃውንም አስቀድሞ የሚጠይቅ ንድፍ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በማኅበራችን አባላት እጅ ስላለ፣ ከሌላ የሚጠበቅ አይደለም።